በር የሚዋዋሱ ሰዎች

«የተቀበልኩሽ ደብተርሽን ነው፤ ዓይንሽን አልተቀበልኩሽም።»

ውዳላትን ይህን ያሏት የአራተኛ ክፍል አስተማሪዋ ናቸው፣ ከትምህርት ቤት በወጣችበት ቀን። የወጣችው ሰንፋ አይደለም፤ አጥፍታም አይደለም። በዚያ አገር ልጅ የሚመዘገበው በስሙ ሳይሆን በቤቱ በር ነው። የውዳላት ወላጆች ከሰው ቤት ሰው ቤት የሚዘዋወሩ ተከራዮች ነበሩና በአራት ዓመት ውስጥ አምስት በር ቀየረች። መዝገብ ያዡ ግራ ገባው። «ይቺ ልጅ አንድ ናት ወይስ አምስት?» ብሎ ጠየቀ። መልስ የሚሰጠው ሲያጣ፣ ለጥንቃቄ ሲል አምስቱንም ሰረዘ።

ይህ አገር የት እንደሆነ በእርግጥ የሚያውቅ የለም። እግር ጥሎት የደረሰ ሰው ሁሉ ግን የመጣበት አገር ይመስለዋል ይባላል።

በዚያ አገር ሕግ ቤት ማለት በር ነው። ግድግዳን ዝናብ ያፈርሰዋል፣ ጣራን ነፋስ ይወስደዋል፣ በር ግን ይመሰክራል ይላሉ። ስለዚህ የቤቱ ታሪክ ሁሉ ያለው በበሩ የውስጥ ፊት ላይ ነው። ቤቱ በተሸጠ ቁጥር አንድ መስመር ይፈለፈልበታል። «ይህ ቤት ለእኔ ይገባል» የሚል ሰው ከተነሣ ደግሞ፣ ዳኛ አስፈቅዶ ከበሩ ላይ አንድ ምስማር ይመታል። የማን ምስማር እንደሆነ እንዲታወቅም ከነጠላው ጥለት ቁራጭ ቀዶ ከምስማሩ ራስ ሥር ያጣብቃል። ምስማር ያለበት ቤት አይሸጥም። ለምን በውስጥ በኩል ይመታል ቢባል፣ ባለቤቱ ተኝቶም እንዲያየው ነው ይላሉ።

እንግዲህ ቤት የሚገዛ ሰው ከሻጩ ተስማምቶ፣ ሽማግሌ አስቀምጦ፣ ዋጋውንም ከፍሎ ካበቃ በኋላ አንድ ነገር ይቀረዋል፤ የመጨረሻው ማጣሪያ። ለዚህ አርባ ቀን ይሰጠዋል። በአርባው ቀን ማኅተም ያላገኘ ውል ይቀደዳል፤ ዋጋውም ቤቱም ለሻጩ፣ ትምህርቱ ለገዢው ይቀራል።

ማጣሪያው ሦስት ሹማምንት አሉት። ምስማር ቆጣሪው በሩ ከቤቱ ተነቅሎ ማጣሪያ ቤት ድረስ እንዲመጣለት ይፈልጋል፤ አርጅቷልና ከወንበሩ አይነሣም። በር አንኳኪው በበቅሎ ተቀምጦ ቤቱ ድረስ ይሄድና በሩን ያንኳኳል፤ በር የሌለው ቤት ቤት አይደለምና። አታሚው የሁለቱን ወረቀት ተቀብሎ ያትማል። ሁለቱ ወረቀቶች ግን የአንድ ቀን መሆን አለባቸው፤ አንዱ ካደረ ሁለቱም ይሻራሉ። በሩ ማጣሪያ ቤት ከሄደ አንኳኪው የሚያንኳኳው የለም። በሩ ቤቱ ላይ ከቀረ ቆጣሪው የሚቆጥረው የለም። በር ጭኖ ደርሶ መመለስ ደግሞ ቀኑን ሙሉ ይፈጃል።

ይህን ሕግ ያወጣው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ አይታወቅም። የአገሩ ሰው ግን ሕግ ሲጠነክርበት ብልሃት አያጣም፤ በር መዋዋስ ጀመረ። የአንዱ በር ለቆጠራ ሲሄድ የጎረቤቱ በር መጥቶ ይገጠምለታል፤ ለጎረቤቱ የሌላው ጎረቤት በር፣ ለዚያኛውም የወዲያኛው። ሰፈሩ መጨረሻ ላይ ያለው ቤት ጆንያ ይሰቅላል። ማታ ሁሉም በሩን ይመልሳል ይባላል። ይባላል እንጂ፣ ስንቱ በር የራሱን ቤት እንደረሳ ቆጥሮ የሚያውቅ አልነበረም።

የውዳላት አርባኛ ቀን በዚህ ሁኔታ ነጋ።

ባሏ ድንጋይ ጠራቢ ነው፤ ለመንግሥት መንገድ ሥራ ቆላ ወርዷል። የተከራየችበት ቤት ለሌላ ሰው ተሰጥቶ ዕቃዋ በዚያው በምትገዛው ቤት ግቢ ታስሮ ተቀምጧል። ሦስት ዓመት ሊሞላት ሁለት ወር የቀራት ልጇ ደብሪቱ ጀርባዋ ላይ ናት። ውዳላት ቤት የፈለገችው ጣራ ፍለጋ አልነበረም፤ ጣራማ ተከራይም አለው። ልጇ በአንድ በር እንድትመዘገብላት ነው።

ሻጩ ሸጋው በሩን ከማጠፊያው ሲነቅል እሷ መቃኑን ታያለች። ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ከፍ ብሎ የመወርወሪያ ጉድጓድ አለ፤ ጠርዙ በብዙ ዓመት መመላለስ ልሟል። የተነቀለው በር መወርወሪያ ግን ከሰው ደረት ትይዩ ነው፤ የእሱ ጉድጓድ ሌላ ነው፣ ከላይ፣ አዲስ።

«አያ ሸጋው፣ ይሄ ታችኛው ቀዳዳ የምን ነው?»

«የአይጥ ይሆናላ።»

«አይጥ አራት ማዕዘን ትቆፍራለች?»

«የዚህ ሰፈር አይጥ የተማረ ነው። እንደ እኔና እንደ አንቺ መሰለሽ?» ብሎ ሳቀ። «ይልቅ ያዥልኝ በዚህ በኩል። ቤት የሚገዛ ሰው ጣራውን ነው የሚያየው፤ አንቺ ቀዳዳ ትቆጥሪያለሽ።»

በሩን አህያ ላይ ጫኑት። የጎረቤቱ በር መጥቶ ተገጠመ። የሸጋው ሚስት አንኳኪው ሲመጣ ከውስጥ ሆና «ማነው?» እንድትል ተነግሯት ገብታ ተቀመጠች። ውዳላትና ሸጋው መንገድ ጀመሩ።

ማጣሪያ ቤቱ ሲደርሱ ፀሐይ ከአናት አልፋለች። የማጣሪያ ቤቱ በር ወደ ውስጥ ተከፍቶ፣ ውስጠኛ ፊቱን ለግድግዳው ሰጥቶ ቆሟል። ሲመሽ ሹማምንቱ በጓሮ በኩል ስለሚወጡ ከማኅተም ሰዓት በቀር አይዘጋም። ከደፉ ወዲህ፣ ከመቃኑ ተደግፈው አንዲት አሮጊት ተቀምጠዋል። ከገዢና ከሻጭ በቀር ማንም ደፉን አልፎ አይገባም፤ ባለ ምስማር ከሆነማ ጨርሶ። ድሮ ባለ ምስማሮች ብዙ ነበሩ ይባላል፤ አንዱ ሲሰለቸው፣ አንዱ ሲሞት እኚህ ብቻ ቀሩ። እማማ ገላነሽ ይባላሉ። እግሮቻቸው ከጉልበት በታች አይታዘዟቸውም፤ በእጃቸው ነው የሚሳቡት። የለበሱት ነጠላ ቀለሙ ቢለቅም ቀይና አረንጓዴ ጥለቱ ይታያል፤ አንዱ ጥግ ላይ ተቦጭቋል።

«ተቀመጪ፣ ልጄ» አሏት። «ቆመሽ ብትጠብቂ ቶሎ አይጠሩሽም። ተቀምጠሽም ቶሎ አይጠሩሽም። ግን መቀመጡ ይሻላል።»

ውዳላት ደብሪቱን አውርዳ ተቀመጠች። «እማማ፣ ከጠዋት ጀምሮ ነው የሚጠብቁት?»

«አዎ። ከአሥራ ዘጠኝ ዓመት በፊት ከነበረው ጠዋት ጀምሮ።»

ቀልድ መስሏት ልትስቅ ነበር፤ ፊታቸውን አይታ ተወችው።

«ለእግሬ ፍል ውሃ ወረድኩ። ስመለስ የወንድሜ ልጅ ቤቴን ሊሸጥ ሲዋዋል ደረስኩበት። ዳኛው ፈቀደልኝና ምስማሬን መታሁ። በሩን ለቆጠራ ብለው ወደዚህ አመጡት፤ በዚያው ቀረ። ለቤቱ የተመለሰለት ሌላ በር ነው፤ ምስማር የለበትምና ቤቱ ተሸጠ። አቤት ስል ‹ምስማርሽን አምጪና እንሰማሻለን› ይሉኛል። ምስማሬ በሬ ላይ ነው። በሬ የት እንዳለ ማን ይንገረኝ?»

«ቤቱስ? ቤቱን አያሳዩአቸውም?»

«ቤቱማ ቆሟል። ቤት ግን አይመሰክርም አሉ፤ የሚመሰክረው በር ነው።» የደብሪቱን ጫማ ከአቧራ አራገፉላት። «አንቺስ፣ የትኛውን ነው የምትገዢው?»

«ከሾላው ዛፍ በታች ያለውን። ሁለት ክፍሉን።»

አሮጊቷ እጃቸው ጫማው ላይ ቆመ። ቆይተው እንደገና ማራገፍ ጀመሩ።

«ጥሩ ቤት ነው» አሉ። «ጠዋት ጠዋት ፀሐይ እስከ ምድጃው ይገባል። ክረምት ላይ የጓዳው ጥግ ያንጠባጥባል፤ እሱን ቀድመሽ አስጠግኚው።»

የጓዳው ጥግ እንደሚያንጠባጥብ ሸጋው አልነገራትም። ውዳላት አንድ ነገር ልትጠይቅ አፏን ስትከፍት ከውስጥ ስሟ ተጠራ። ልጇን አዝላ ደፉን ተሻገረች።

ምስማር ቆጣሪው ሸጋው ያመጣው በር ፊት ለፊቱ ተጋድሞለት በአለንጋ እየጠቆመ ይቆጥር ነበር። «አንድ፣ የለም። ሁለት፣ የለም። ሦስት፣ የለም።» ሕጉ እስከ መቶ እንዲቆጥር ያዛል። ሰባ ላይ ሲደርስ ጠፋበትና ከአንድ ጀመረ። ሁለተኛውን መቶ ሲጨርስ ላቡን ጠርጎ «ምስማር የለበትም» ብሎ ጻፈ።

ውዳላት ነገር ማብዛት አትወድም። ዛሬ ግን ያቺ አራት ማዕዘን ቀዳዳ ከዓይኗ አልጠፋ አለች።

«ጌታዬ፣ ይህ በር የዚያ ቤት በር መሆኑ በምን ይታወቃል?»

«ከዚያ ቤት መጥቷላ።»

«ሌላ በር ከዚያ ቤት ቢመጣስ?»

«ያን ጊዜ እሱ የዚያ ቤት በር ይሆናል።»

«መቃኑ ላይ ያለው ቀዳዳ ግን ከዚህ በር ጋር…»

«እኔ መቃን አልቆጥርም፣ ልጄ። መቃን ቆጣሪ የሚባል ሹመት ነበር፤ ሰውዬው ሞተ፣ የተካው የለም። ከሞተ ወዲህ መቃን ላይ ስሕተት ተገኝቶ አያውቅም።»

ይህን ሲነጋገሩ በር አንኳኪው ከበቅሎው ወርዶ በጓሮ በኩል ገባ። ደረቱን ነፍቶ ቃሉን ሰጠ። «አንኳኳሁ። ‹ማነው?› ተባልኩ። ‹ሕግ ነኝ› አልኩ። ‹ሕግ ሆይ፣ ግባ› ተባልኩ። አልገባሁም፤ መግባት ሥራዬ አይደለም። ቤቱ በሩን ለብሶ ቆሟል።»

አታሚው ሁለቱን ወረቀቶች ጎን ለጎን ዘረጋ። በአንዱ በሩ እዚህ ተጋድሟል፤ በሌላው በሩ እዚያ ቆሟል። ውዳላት አንዴ ወረቀቶቹን፣ አንዴ የተጋደመውን በር አየች። ከእነዚህ ሰዎች አንዱ አሁን ይደነግጣል ብላ ጠበቀች። የደነገጠ አልነበረም።

«ሁለቱም እውነት ናቸው» አለ አታሚው። «ልዩነታቸውን የሚጠይቅ ሦስተኛ ወረቀት ስለሌለ ልዩነት የላቸውም። በሩ ይዘጋና እናትም።»

ማኅተም የሚመታው በተዘጋ በር ነው። ሦስቱም ሹማምንት፣ ከወንበሩ የማይነሣው ቆጣሪ ሳይቀር ተደግፎ፣ ወደ ማጣሪያ ቤቱ በር ሄዱ። ከግድግዳው አላቅቀው ገፉት። ከዚያም በየተራ ተንበረከኩ። መወርወሪያው ከመሬት አንድ ክንድ ያህል ብቻ ከፍ ያለ ነውና ሳይንበረከኩ አይዘጋም። አታሚው መጨረሻ ላይ ተንበርክኮ ወረወረው፤ ጉልበቱን እያሸ ተነሣ።

«ሕግ ፊት መንበርከክ ይባላል» አላት፤ «ጥንታዊ ሥርዓት ነው።»

ከጣራው ሥር ባለችው መስኮት የገባው ብርሃን በሩ ላይ አረፈ። ውዳላት አየች። ከመወርወሪያው አራት ጣት ከፍ ብሎ አንድ ምስማር ተመቷል፤ ከራሱ ሥር ቀይና አረንጓዴ ጥለት ያላት ቁራጭ ተጣብቃለች።

እጆቿ የልጇን እግሮች ያዙ።

«ጌታዬ፣ ይህ የማን በር ነው?»

«የማጣሪያ ቤቱ።»

«ከጥንትም?»

አታሚው ወደ ቆጣሪው ዞረ። ቆጣሪው አገጩን አከከ። «ጥንትማ የኛውን ምስጥ በላው። ያን ሰሞን ለቆጠራ ከመጡት ውስጥ ጠንካራውን አስቀረን። ለባለቤቱም ሌላ ሰጠነው። በር በበር ነው፤ ማን ተጎዳ?»

«ምስማር አለበት።»

ሦስቱም ዞረው በሩን አዩት። ጠዋት ማታ የሚንበረከኩለትን በር ፊቱን አይተውት የማያውቁ ይመስሉ ነበር። አንኳኪውን ሳል ያዘው። ቆጣሪው በመጨረሻ እንዲህ አለ፦

«የማጣሪያ ቤቱን በር የሚቆጥር ሹመት የለም። ያልተቆጠረ ምስማር ደግሞ የለም ማለት ነው።»

«እኔ ግን አየሁት።»

«ማየት ሹመት አይደለም» አለ አታሚው፣ ሳይቆጣ። «ደግሞስ ምን ልታገኚበት ነው? ይህ በር የዚያ ቤት ነው ብንል፣ ማጣሪያ ቤቱ በር አይኖረውም። በር ከሌለው ቤት አይደለም። ቤት ካልሆነ እኛ ሹማምንት አይደለንም፤ እስከ ዛሬ ያተምነው ሁሉ አልታተመም። አገሩን በሙሉ ሜዳ ላይ ታሳድሪዋለሽ። በይ ጣትሽን አምጪ።»

ውዳላት ነገሩን ከራሷ ጋር ልትቆጥረው ሞከረች። የሚመሰክረው በር ከሆነ፣ ከሾላው በታች ያለው ቤት እዚህ ነው። ቤቱ እዚህ ከሆነ፣ እነዚህ ሰዎች የተቀመጡት እማማ ገላነሽ ቤት ውስጥ ነው፤ እማማ ገላነሽ ደግሞ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ከገዛ ደጃቸው ውጭ ተቀምጠዋል። እሷ ታዲያ የገዛችው ምንድን ነው? ግድግዳ? የጎረቤት በር? ወይስ ሁለቱን ወረቀት? እንደ ቆጣሪው መንገድ ላይ ጠፋባት።

ጣቷን ያዙ፤ ቀለም አስነክተው ወረቀቱ ላይ አሳረፉት። አታሚው ማኅተሙን መታ። ከዚያ ሕጉ ስለሚያዝ ብቻ የመጨረሻውን ቃል እያዛጋ አነበበላት፦

«ይህ ማኅተም የጸና ነው። ሆኖም ዛሬ ፀሐይ እስክትጠልቅ ድረስ ባለ ምስማር መጥቶ እጁን ከምስማሩ ላይ ካሳረፈ፣ ማኅተሙ ይፈርሳል፣ ውሉ ይቆማል፣ ነገሩ ከዳኛ ፊት ይቀርባል። ፀሐይ ከጠለቀች ግን ቤቱ የገዢዋ ነው፤ ለልጅ ልጇ።» ወረቀቱን አጥፎ ሰጣት። «አትፍሪ። በእኔ ዘመን እንዲህ ሆኖ አያውቅም።»

እንደገና ተንበርክከው መወርወሪያውን ሳቡ፤ በሩን ከፍተው ወደ ግድግዳው መለሱት። ሹማምንቱ ወደ ወንበራቸው ተመልሰው ነገ ማን ቀድሞ ይንበረከካል በሚለው ተጨቃጨቁ።

ሸጋው ገብቶ ያንን በር እየጎተተ አወጣ። አህያው ላይ እየጫነ «በይ እንኳን ደስ ያለሽ» አላት። «ቶሎ በይ፤ የጎረቤትን በር ዛሬውኑ እንመልስ። ሰዎቹ ጆንያ ሰቅለው ነው የዋሉት።»

ውዳላት ደፉ ጋ ስትደርስ ቆመች። አሮጊቷ ቀና ብለው አዩአት።

«ታተመልሽ?»

«ታተመልኝ፣ እማማ።»

«እሰይ። በይ እንግዲህ፣ ቤት ለእንግዳ ይሁን። ይቺ ልጅ ባለ በር ሆነች።» ደብሪቱ በእናቷ ትከሻ ላይ ሆና አየቻቸው። እሳቸውም ሊያስቋት ፊታቸውን ጨማደዱላት።

ፀሐይዋ ከተራራው ጫፍ አንድ ስንዝር ያህል ቀርቷታል። ሸጋው «ኧረ ሴትዮ!» እያለ አህያውን አዞረ። ውዳላት ወረቀቱን በመቀነቷ ውስጥ አስገባች። አወጣችው። ደግማ አስገባችው። ጭቅጭቁ ከኋላዋ ጋለ፤ ወደ እሷ የሚያይ ሹም አልነበረም።

ተመልሳ በሩን ከግድግዳው አላቀቀችው። ክንድ የሚያሳልፍ ክፍተት ብቻ እስኪቀር ድረስ ሳበችው።

«እማማ፣ እጅዎን ይስጡኝ።»

«ለምን፣ ልጄ?»

አልመለሰችላቸውም። ከደፉ እንዳይገባ የተከለከለው ሰው ነው፤ ስለ እጅ የተባለ ነገር አልሰማችም። ቁጢጥ አለችና የአሮጊቷን እጅ በበሩ ጠርዝ አዙራ ወደ ውስጥ አስገባችው፤ መጀመሪያ መወርወሪያውን አስያዘቻቸው። እጁ መወርወሪያው ላይ ቆመ። አንዴ ሳበው፣ አንዴ መለሰው፤ መንገዱን ያውቀው ነበር።

ከዚያ እጃቸውን አራት ጣት ያህል ወደ ላይ ከፍ አድርጋ፣ ከምስማሩ ላይ አሳረፈችው።